ለወንድሙ የተሟገተው ራፖር ጸሐፊ

አንድ ሰው ነበረ። አናጺ ነበረ። በኅዳር ወር፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የበር ሳንቃ ሲልግ መላጊያው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊያነሣው ጎንበስ አለና ቀና ማለት አቃተው። በአሥራ አራተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። በእነዚህ አሥራ አራት ቀኖች የእሱን ያህል የተሟገቱለት ሕመምተኛ በዚያ ሆስፒታል አልነበረም።

ይህን የተናገሩት ፊደል ሲያስቆጥሩ ያረጁ አንድ የኔታ ናቸው። የነገሯትም በልጅነቷ እሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። የሴትዮዋ አባት ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ከዳው፣ አንደበቱም ተያዘ፤ ሆስፒታል ከተኛ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የአባቷ ታላቅ ወንድም ደግሞ በማግስቱ ወጌሻ ይዘው መጥተው የወደቀውን ትከሻ እንደሚያስጎትቱ ለቤተ ዘመዱ ተናግረዋል። ሐኪሙ ያንን ክንድ ማንም እንዳይጎትተው አስጠንቅቋል። ሴትዮዋ ከካርድ ክፍል እስከ ኃላፊው ቢሮ ድረስ ተከራክራ አባቷን ያሳከመች ጠንካራ ሴት ናት። የኔታ ዘንድ የመጣችው ግን ሐኪም አስቸግሯት አልነበረም።

«የኔታ፣ እኔ ከቤቱ ልጆች ሁሉ ትንሿ ነኝ» አለች። «ዘመድ በተሰበሰበበት አጎቴን ‹አይሆንም› ብላቸው ድፍረት አይሆንብኝም?»

የኔታም የአናጺውን ነገር አንሥተው ይነግሯት ጀመር።

አናጺው ሚስቱ ሞታበት፣ ልጅም ሳይወልድ፣ ብቻውን ይኖር ነበር። የነበረው አንድ ታናሽ ወንድም ነው። ታናሽየው በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ላስቲክ ወጥሮ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ዘርግቶ የሚሠራ ራፖር ጸሐፊ ነበረ። መጻፍ ለማይችል ወይም ምን ብሎ እንደሚጽፍ ለጠፋው ባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቷል። ባለጉዳዩ እያለቀሰ ሲመጣ «ልቅሶውን ተወውና ቀኑን ንገረኝ» ይለዋል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ ይጠይቃል። ከዚህ የተረፈውን አይጽፍም። «ዳኛ የሚያነበው ቀን ነው፤ እንባ ወረቀት ያበላሻል» ይል ነበር። የእሱ ማመልከቻ የገባበት ቢሮ ሳይወድ በግድ መልስ ይሰጣል ይባላል።

እሱ የማይጽፈው አንድ ዓይነት ማመልከቻ ብቻ ነበረ፤ ዘመድ በዘመዱ ላይ የሚያቀርበው። ወንድም ወንድሙን ሊከስ፣ ልጅ አባቱን ሊከስ ሲመጣ «እሱን ማዶ ያለው ይጽፍልሃል» ብሎ ይመልሰዋል። የከተማው ሰው በዚህ ያከብረው ነበር። እሱም በዚህ ይኮራ ነበር።

ወንድምህ ወደቀ ብለው ሲነግሩት መጀመሪያ የጠየቀው «ስንት ሰዓት ላይ?» ብሎ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን ነገሩት። መዳፉ ላይ ጻፈውና ሮጠ።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ወንድሙን ኮሪደር ላይ፣ ቃሬዛ ላይ አገኘው። ፊቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ እንደ ሌላ ሰው አካል ተዘርግተዋል። አናጺው ወንድሙን ሲያይ ሊናገር ሞከረ፤ የወጣው ግን ድምፅ ብቻ ነው። ተረኛው ሐኪም ዓይኑ የቀላ ወጣት ነበረ።

«ስትሮክ ነው የሚመስለው» አለ ሐኪሙ። «ወደ ጭንቅላቱ የሚሄደው የደም ሥር ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ፈንድቶ ደም ፈሷል። ሲቲ ስካን ሳይነሣ ልንለየው አንችልም። የእኛ ማሽን ተበላሽቷል። ነገ አምቡላንስ ሲገኝ ሌላ ቦታ ልከን እናስነሣዋለን።»

«ነገ ስንት ሰዓት?»

«ነገ ነው እኮ ያልኩህ፣ ጋሼ።»

«ለዚህ በሽታ ዛሬና ነገ አንድ ናቸው?»

ሐኪሙ ሐሰተኛ ሰው አልነበረምና «አንድ አይደሉም» አለ።

«እንግዲያው እንደዚያ ብለህ ጻፍልኝ። ‹በሽተኛው የወደቀው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ዛሬና ነገ አንድ አይደሉም፤ የሚነሣው ግን ነገ ነው› ብለህ ጻፍና ፈርምበት። ሌላ አላስቸግርህም።»

ሐኪሙ አልጻፈም። ስልክ አነሣ። አንዱን ጠራ፣ ሌላውን ለመነ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ አናጺው ተነሥቶ ተመለሰ። ደም አልፈሰሰም፤ ሥሩ ተዘግቶ ነው። መድኃኒት በዚያው ቀን ተጀመረለት።

ከኮሪደር ወደ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ለማስገባትም ታናሽየው ተከራከረ። አልጋ የለም አሉት። ጠዋት የወጣ ሰው አልጋ ባዶውን እንደተቀመጠ በዓይኑ አይቶ ስለነበር ቁጥሩን ነገራቸው። አስገቡለት። ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ ሲሉት፣ አንድ ወረቀት በመስመር ከፋፍሎ ሰዓቶቹን ደረደረና አልጋው እግር ላይ ለጠፈው። ያገላበጠው ሰው እንዲፈርምበት ነው። ነርሶቹ «ዐቃቤ ሕጉ መጣ» ይባባሉ ጀመር። ይስቁበታል፤ ይፈርሙለታልም።

በአጠገቡ ባለው አልጋ አባቱን የሚያስታምም አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበረ። ይህ ሰው ሁሉንም እያየ ይደነቃል።

«አንተ ሰውዬ» አለው አንድ ቀን፣ «ለእኔም አንድ ማመልከቻ ጻፍልኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ አባቴ ማንኮራፋት። የሚሰማ መሥሪያ ቤት ካለ።»

አናጺው ሰምቶ ሳቀ። በግማሽ ፊቱ ነው የሳቀው፤ ግን ሳቀ። ታናሽየው ይህንንም ከነሰዓቱ ደብተሩ ላይ መዘገበ።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት ነርስ መጣች። ዕድሜዋ የገፋ፣ ንግግሯ አጭር፣ እጇ ፈጣን ሴት ናት። አናጺውን ደግፋ አስቀመጠችውና አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ አፉ ውስጥ ጨመረችለት። ወዲያው ሳል አጣደፈው። ድምፁም ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ድምፅ ሆነ። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ስማኝ» አለችው ታናሽየውን። «ሕመሙ ጉሮሮውንም ይዞታል። አሁን የሚውጠው ነገር ወደ ሆዱ አይወርድም፣ ወደ ሳንባው ነው የሚገባው። ውሃም ሆነ ጠበል፣ አንዲት ማንኪያም ብትሆን፣ በአፉ እንዳይገባ። ምግቡን በአፍንጫው በቱቦ እንሰጠዋለን። የፊታችን ሰኞ መልሼ እሞክረዋለሁ። ጉሮሮ ይመለሳል፤ ጊዜ ነው የሚፈልገው።»

«እሺ ሲስተር።»

«እሺ ማለት ቀላል ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሐኪሙ አይደለም፣ ጠያቂው ነው። ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ይዞ የመጣውንም ሳያቀምስ አይሄድም። እሑድ እሑድ እኔ አንድ ሆኜ ሠላሳ አልጋ እጠብቃለሁ።»

«ለእኔ ተይው» አላት። ከልቡ ነው ያለው።

እሷም አምናው ሄደች። አልጋው ራስጌ ላይ የለጠፈችው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነበረ። እሱ ከሥሩ ሌላ ወረቀት ጨመረ፤ ለፍርድ ቤት በሚጽፍበት ጥርት ባለ እጁ «በአፍ ምንም ነገር እንዳይሰጠው» ብሎ ጻፈበት።

አናጺው ቀን በቀን ተሻለው። ሐሙስ ዕለት የቀኝ እጁን አውራ ጣት አንቀሳቀሰ። ዓርብ የወንድሙን እጅ ሲጨብጥ መጨበጡ ታወቀ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሐኪሞቹ ሲዞሩ፣ የታናሽ ወንድሙን ስም ግማሹን ጠራ። ትልቁ ሐኪም መዝገቡን ዘጋና «ይህ ሰው በምርኩዝ ይሄዳል» አለ። «ሥራውን እንኳ ባይሠራ ይሄዳል። እንዲህ ተይዞ ሲመጣ ጥሩ ነው።» ታናሽየው በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ ምሳ በላ።

በማግስቱ እሑድ ሆነ።

ከገጠር ዘጠኝ ሰዎች መጡ። ከፊት የመጣችው የአባታቸው እኅት ናት። ታናሽየው የአራት ዓመት ልጅ፣ ታላቅየው የአሥር ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ሞታ፣ ሁለቱንም ያሳደገቻቸው ይህች አክስት ናት። እታባ ነው የሚሏት። ከነጠላዋ ሥር ትልቅ ፔርሙዝ ይዛለች። ከአጃና ከማር የተሠራ አጥሚት ነው። ከቤቷ እስከ መኪናው መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ተሸክማዋለች።

ሰዎቹ አልጋውን ከበቡት። አክስቲቱ ግንባሩን ሳመችው፣ እጁን ሳመችው፣ አገላብጣ አየችው።

«ልጄ አልቋል እኮ!» አለች። «እህል ከቀመሰ ስንት ቀኑ ነው?»

«እየበላ ነው፣ እታባ» አላት ታናሽየው። «በዚህ ቱቦ ነው የሚሰጡት።»

«በአፍንጫው?»

«አዎ።»

«እኔ በአፍንጫ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ ጥምጥም ያደረገ የእናታቸው ዘመድ። «በሬ እንኳ ሲታመምብን አፉን ፈልቅቀን ነው የምናበላው።» ሰዎቹ ሳቁ። ሌላዪቱ ሴት «ከተማ የገባ በሬ ከሆነ በአፍንጫው ነዋ» አለች፤ ደግመው ሳቁ። አናጺውም በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

አክስቲቱ አልሳቀችም። ፔርሙዙን ከፈተች። በክዳኑ ቀዳች። እንፋሎቱ ወጣ። ቀስ ብላ እፍ እፍ አለችው። ከዚያ ቀና ብላ ታናሽየውን አየችው።

ታናሽየው የሚናገረውን ያውቃል። ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። ጉሮሮው አይሠራም፤ ያ የያዝሽው ወደ ሳንባው ይገባል፤ ይገድለዋል። ሦስቱንም በልቡ ደርድሯቸዋል። በዚያ ሳምንት ለሦስት ሐኪም፣ ለአንድ ኃላፊ፣ ለሁለት የካርድ ክፍል ሠራተኞች ከዚህ የከበደ ነገር ተናግሯል፤ ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። አሁን ግን ከፊቱ የቆመችው አክስቱ ናት። ዘጠኝ ሰው እያየው ነው። ነገ አገር ቤት የሚወራው ታየው። እዚያ ድረስ ተሸክማ የሄደችውን አክስቱን፣ ያሳደገችው ልጅ፣ ከተማ ስለገባ፣ ማንበብ ስላወቀ፣ በሰው ፊት እጇን ያዛት ይባላል።

አክስቲቱ ክዳኑን እንደያዘች ቆየች። መልሳ እፍ አለችው። መልሳ አየችው።

«ሲስተርን ልጥራ» አለና ወጣ።

ነርሷ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ መዝገብ ትጽፍ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። በበሩ በኩል አለፈ። አልጠራትም። ደረጃውን ወረደ። ግቢው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ ቆመ። ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበረ። እጁን ታጠበ። ከዚያም ሌላውን እጁን ታጠበ። ወደ ላይ ሲመለስ ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ሆኗል። ሰዓት ማየት ልማዱ ስለሆነ፣ ያንን አሥራ አምስት ደቂቃ ዕድሜውን ሙሉ ሊረሳው አልቻለም።

ሲገባ አክስቲቱ በነጠላዋ ጫፍ የወንድሙን አገጭ ትጠርጋለች። ክዳኑ ባዶ ነው። አናጺው ያስለዋል። «ትን ብሎት ነው፣ ውሃ ስጡት» አለ ባለ ጥምጥሙ፣ ውሃም ሰጡት። ሰዎቹ ደስ ብሏቸዋል። አንዲቱ «አያችሁ፣ ፊቱ እንዴት እንደተመለሰ!» አለች። ሾፌሩ ከአባቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ ነበረ። ታናሽየውን አየውና «የት ሄደህ ነው?» አለው።

ሰኞ ጠዋት ነርሷ ማንኪያዋን ይዛ መጣች። ከመሞከሯ በፊት ደረቱን አዳመጠች። ፊቷ ተለወጠ።

«ትናንት በአፉ የገባ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«የለም» አላት።

«ምንም?»

«ምንም።»

ማክሰኞ ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት ደረሰ። ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ፣ በቀኝ በኩል፣ ወደ ታች። ታናሽየው እንደገና መከራከር ጀመረ። ኦክስጅን ከሌላ ክፍል አስመጣ። ሆስፒታሉ ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከተማውን ዞሮ በአንድ ቀን አገኘ። ትልቁን ሐኪም ከስብሰባ አስጠርቶ አመጣ። በዚያ ሳምንት ያልተደረገ ነገር የለም፤ መዝገቡ ይመሰክራል። አንድ የጎደለ ነገር ብቻ ነበረ፤ እሑድ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የሆነውን ሐኪም አያውቅም። ይህን ቢያውቁ ሰኞ ጠዋት ይጀምሩት የነበረውን መድኃኒት ማክሰኞ ከሰዓት ጀመሩት። አናጺው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሞተ። ከሞቱ በፊት በነበረው ቀን የወንድሙን እጅ ጨብጦ ነበር፤ እስከ መጨረሻው መጨበጥ አልተወም።

ከአርባው በኋላ ዘመድ ተሰበሰበ። «ሆስፒታሉ ነው የገደለው» አሉ። «ቅዳሜ ይሄዳል ያሉት ሰው በሳምንቱ እንዴት ይሞታል? አንተ ለሰው ሁሉ ትጽፋለህ፤ ለወንድምህም ጻፍ።» ታናሽየው ቁጭ ብሎ ጻፈ። ሰኞን ጻፈ፣ ማክሰኞን ጻፈ፤ እያንዳንዱን ከነሰዓቱ ቅዳሜ ድረስ ጻፈ። እሑድ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ሦስት ጊዜ አዲስ ወረቀት አወጣ፤ ሦስቱም ቅዳሜ ላይ ቀሩ። በመጨረሻ «አልጽፍም» አላቸው። «ሆስፒታሉ ሰው ልኮ በገንዘብ አፉን አስያዘው» ብለው አሙት። እሱም ይህን ሐሜት እንደ ቅጣት ተቀበለው፤ አላስተባበለም።

ከአክስቱም ራቀ። አጥሚቱ እንደገደለው እሷ የምታውቅ አልመሰለውም። ባልነግራት ይሻላታል፣ ሳታውቅ ትሙት ብሎ አሰበ። ግን በየለቅሶው፣ በየሰርጉ ሲያያት ያ የፔርሙዝ ክዳን ይታየዋል፤ ፊቱን ያዞራል። አራት ዓመት ደጇን አልረገጠም።

የኔታ ታሪኩን እዚህ ላይ ገታ አድርገው ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«ልጄ፣ ራፖር ጸሐፊው ማለት አንቺ ነሽ» አሏት። «ከሐኪሙ ጋር ተከራክረሻል፤ ደግ አድርገሻል፤ እሱም አድርጎት ነበር። ሐኪም ባዳ ነው። ከባዳ ጋር ተከራክሮ የሚያፍር የለም፤ እንዲያውም ሰው ያደንቅሻል። ሰውየው የወደቀው ግን ባዳ ፊት አልነበረም። የአባትሽን ክንድ ነገ የሚጎትተው ጠላቱ አይደለም፤ ወንድሙ ነው፤ ወዶትም ነው የሚያስጎትተው። አባትሽ ደግሞ ‹ተዉኝ› ብሎ መጮህ አይችልም። አንደበቱን የሰጠው ለአንቺ ነው። ስለዚህ ነገ አጎትሽ ወጌሻውን ይዘው ሲገቡ፣ ውሃ ልቅዳ፣ ነርስ ልጥራ ብለሽ ከወጣሽ፣ ከዚያ ክፍል ይዘሽው የምትወጪው የአባትሽን አንደበት ነው። ድፍረት ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ ድፍረት ነው። ሰውየው ያጣው እሱን ነው።»

«እሺ፣ የኔታ» አለች ሴትዮዋ። «ግን አጎቴ ቢቀየሙኝስ? በሰው ፊት አዋረደችኝ ቢሉስ? እሳቸው ናቸው እኮ ያሳደጉኝ።»

«ራፖር ጸሐፊውም የፈራው ይህንኑ ነበረ» አሉ የኔታ። «የቀረውን ልንገርሽ። በአምስተኛው ዓመት አክስቲቱ ታመመች። አስጠራችው፤ ሄደ። ብቻዋን ተኝታ አገኛት። እግሯ ሥር ወድቆ ሁሉንም ነገራት። ጉሮሮው እንደማይሠራ ያውቅ እንደነበር፣ አፍሮ እንደወጣ፣ ነርሷን ሳይጠራ እንዳለፋት ነገራት። አክስቲቱ ትደነግጣለች፣ ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። አልደነገጠችም። እንዲህ አለችው፦

‹እኔም አውቅ ነበር። ስገባ ነርሷ በሩ ላይ አስቁማኛለች። «እናቴ፣ የያዙትን በአፉ እንዳይሰጡት፣ ሳንባው ነው የሚገባው» አለችኝ። «ውስጥ ወንድሙ አለ፣ እሱ ያስረዳዎታል» አለችኝ። ልመልሰው አስቤ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ስሸከመው አይቷል። ሳላቀምሰው ብመለስ ያሳደገችውን ልጅ ጨከነችበት ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ቀስ ብዬ ቀዳሁት፤ አበረድኩት፤ ዓይን ዓይንህን አየሁህ። «እታባ ተዪ» እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው። ብትቆጣኝም ደስ ይለኝ ነበር። ልጁ ከለከለኝ ብዬ እከድነው ነበር። አንተ ወጣህ። የከለከለ ሰው ከሌለማ የነርሷ ቃል ማጋነን ነው ማለት ነው ብዬ ሰጠሁት።›»